ሊኑክስ ላይ የፕሪንተር ድራይቨር ችግር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፕሪንተር አልታዘዝ ሲል ብዙ ሰው ቶሎ የሚሮጠው አዲስ ድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ፍለጋ ነው። ሊኑክስ ላይ ግን ድራይቨሩ ያለጥፋቱ የሚወቀስበት ጊዜ ብዙ ነው። ኮምፒውተሩ ፕሪንተሩን ሳያገኘው ቀርቶ፣ ወረፋው (የሕትመት ሥራዎች ተራ የሚጠብቁበት) ቆሞ ወይም አድራሻው ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ችግሩ የት እንዳለ ሳይለዩ ድራይቨር በድራይቨር ላይ መደራረብ ቀላሉን ነገር ከባድ ያደርገዋል። ከታች ያሉት መልሶች መጀመሪያ መለየትን፣ ከዚያ መጠገንን ይከተላሉ።

ትእዛዞችን እዚህ የጻፍናቸው በአነባበባቸው ነው። ተርሚናል ላይ ሲያስገቧቸው በላቲን ትንንሽ ፊደላት ይጻፏቸው፤ «ኤል»፣ «ፒ»፣ «ቪ» የመሳሰሉት የፊደሎቹ ስሞች ናቸው። «ስም» እና «አድራሻ» በሚሉት ቦታ የራስዎን ያስገቡ። የሲስተም ቅንብር የሚነኩት ትእዛዞች የአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚሰጠውን «ሱዶ»ን ከፊታቸው ይፈልጋሉ።

ጥፋቱ ድራይቨሩ ጋ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ሊኑክስ ላይ ሕትመትን የሚያስተናግደው ካፕስ የሚባለው ሰርቪስ (ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም) ነው። ከፕሮግራምዎ ላይ ሕትመት ሲያዝዙ ፋይሉ፣ ብዙ ጊዜ ፒዲኤፍ ሆኖ፣ ወደ ካፕስ ወረፋ ይገባል። ከዚያ ፊልተር የሚባሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች እየተቀባበሉ ፕሪንተሩ ወደሚረዳው ቋንቋ ይቀይሩታል። በመጨረሻ ባክኤንድ የሚባለው ክፍል በዩኤስቢ ወይም በኔትወርክ ይልከዋል። በተለምዶ ድራይቨር የምንለው መሃል ላይ ያለውን ነው፦ የፕሪንተሩን አቅም የሚዘረዝረው ፒፒዲ ፋይልና አብሮት የሚሠራው ፊልተር።

ስለዚህ ፍተሻው ከዳር ይጀምራል። «ኤልፒስታት -ቲ» ሲሉ ወረፋው ክፍት መሆኑን፣ ወደየትኛው አድራሻ እንደሚልክና የተጠራቀሙ ሥራዎች መኖራቸውን ያያሉ። «ኤልፒኢንፎ -ቪ» ደግሞ ካፕስ በዚያች ቅጽበት የሚያያቸውን ፕሪንተሮች ይዘረዝራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ «ኔትወርክ ሶኬት» ወይም «ኔትወርክ አይፒፒ» ብቻውን የቆመ መስመር የፕሮቶኮል ስም ነው እንጂ ፕሪንተር አይደለም። እውነተኛው ፕሪንተር ረዘም ያለ አድራሻ ይዞ፣ ብዙ ጊዜም የአምራቹና የሞዴሉ ስም ተጽፎበት ይመጣል።

ፕሪንተርዎ ከዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ጉዳዩ የግንኙነት ነው፤ የፈለጉትን ያህል ድራይቨር ቢጭኑ ወረቀት አይወጣም። ዝርዝሩ ውስጥ ካለና ሥራው «ፊልተር ፌይልድ» ብሎ ከወደቀ ወደ ድራይቨሩ ይሂዱ። ሥራው «ኮምፕሊትድ» ተብሎ ምንም ካልወጣ ወይም የተዘበራረቀ ነገር ከታተመ፣ ወረፋው ወደ ተሳሳተ አድራሻ እየላከ ነው አለዚያም ለሌላ ሞዴል የተሠራ ድራይቨር ይዟል።

ለፕሪንተሬ የግድ ድራይቨር መጫን አለብኝ?

ፕሪንተሩ ከ2010ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተሠራና ኔትወርክ ያለው ከሆነ በአብዛኛው አያስፈልግዎትም። ያለ ድራይቨር የማተሚያ ደረጃዎች የሆኑት ኤርፕሪንት በ2010፣ አይፒፒ ኤቭሪዌር በ2013 ከወጡ በኋላ አምራቾች ፕሪንተሮቻቸው አቅማቸውን በራሳቸው እንዲናገሩ አድርገዋል። ካፕስ ፕሪንተሩን «ምን ዓይነት ወረቀት ትቀበላለህ? በስንት ዲፒአይ? ሁለት ገጽ ታትማለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ በመልሱ መሠረት ወረፋውን ራሱ ያዘጋጃል። ስልክ ያለምንም ድራይቨር የሚያትመው በዚሁ መንገድ ነው። ከአይፎን የሚታተምበት ፕሪንተር ሊኑክስ ላይም ያለ ድራይቨር የመሥራት ዕድሉ ሰፊ ነው።

ለማረጋገጥ «ድራይቨርለስ» ወይም «አይፒፒፋይንድ» የሚለውን ትእዛዝ ያስኪዱ። አድራሻ ካወጡልዎት ያንን አድራሻ ይውሰዱና «ኤልፒአድሚን -ፒ ስም -ኢ -ቪ አድራሻ -ኤም ኤቭሪዌር» በሚል ወረፋውን ይፍጠሩ። «ኢ» እዚህ ላይ ትልቁ ፊደል ነው፤ ወረፋውን የሚከፍተው እሱ ነው፣ ቦታውም ከስሙ በኋላ መሆን አለበት። ከስሙ በፊት ከገባ ሌላ ትርጉም ስላለው ወረፋው ተዘግቶ ይቀራል።

የእኛ ምክር ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ ያለ ድራይቨር፣ ካልሆነ ዲስትሪቢውሽንዎ (እንደ ኡቡንቱ ወይም ፌዶራ ያለው የሊኑክስ ዓይነትዎ) ፓኬጅ ውስጥ ያለውን ነጻ (ኮዱ ክፍት የሆነ) ድራይቨር፣ የአምራቹን ድራይቨር በመጨረሻ። የአምራቹ ድራይቨር የሚያስፈልግባቸው ቦታዎች አሉ፤ የቢሮ ትልልቅ ማሽኖች ላይ የክፍል ኮድ ወይም ፒን ማስገባት፣ ስቴፕል ማድረግና ቡክሌት ማጠፍ ያለ እሱ ላይገኙ ይችላሉ። ዩኤስቢ ብቻ ያላቸው የቆዩ ርካሽ ሌዘር ፕሪንተሮችም ከዚህ አዲስ መንገድ ውጪ ናቸው።

ዩኤስቢ ላይ ሰክቼዋለሁ፤ ኮምፒውተሩ ግን አያየውም። ምን ላድርግ?

«ኤልኤስዩኤስቢ» ይበሉ። የአምራቹ ስም ካልወጣ ጉዳዩ ገና ካፕስ ጋ አልደረሰም። ማከፋፈያውን ትተው በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ይሰኩት፤ ሌላ ገመድ ይሞክሩ። ከሰኩ በኋላ «ሱዶ ዲሜስግ» ሲሉ መጨረሻዎቹ መስመሮች ላይ «ኤረር -71» እየተደጋገመ ከታየ ገመዱን ወይም ሶኬቱን ይጠርጥሩ።

አንዳንድ የኤችፒ ሌዘርጄት ፕሪንተሮች፣ ለምሳሌ ፒ1102፣ ስማርት ኢንስቶል የሚባል ባህርይ አላቸው። ሲሰኩ ራሳቸውን እንደ ሲዲ ያስተዋውቃሉ፤ ሲዲው ውስጥ ያለው የዊንዶውስ ድራይቨር ነው። ዴስክቶፑ ላይ ፕሪንተር ሳይሆን ዲስክ ብቅ ካለ ምክንያቱ ይህ ነው። «ዩኤስቢ-ሞድስዊች» የሚባለውን ፓኬጅ ጭነው ገመዱን ነቅለው ሲሰኩት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፕሪንተርነቱ ይመለሳል።

ሌላው ሰው የሚያደናግረው «አይፒፒ-ዩኤስቢ» የሚባለው ሰርቪስ ነው። አዳዲሶቹ ዲስትሪቢውሽኖች ላይ አብሮ ይመጣል፤ በዩኤስቢ የተሰካን ዘመናዊ ፕሪንተር ልክ በኔትወርክ እንዳለ አድርጎ ለካፕስ ያቀርበዋል። ይህን ለማድረግ ግን ዩኤስቢውን ለብቻው ይይዛል። በዚህ የተነሳ የድሮው በዩኤስቢ አድራሻ የተሠራ ወረፋና የኤችፒ የራሱ ድራይቨር ፕሪንተሩን መንካት ያቅታቸዋል፤ ሥራው ወረፋ ላይ ተገትሮ ይቀራል። ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ፦ ወይ የድሮውን ወረፋ አጥፍተው ያለ ድራይቨር አዲስ ይፍጠሩ፣ ወይ «ሲስተምሲቲኤል» ተጠቅመው አይፒፒ-ዩኤስቢን ያጥፉና በድሮው መንገድ ይቀጥሉ። የመጀመሪያው ይሻላል። አይፒፒ-ዩኤስቢ ሲሠራ ደስ የሚል ጥቅምም አለው፤ ፕሪንተሩ የራሱ የቅንብር ገጽ ካለው ብራውዘር ላይ «ሎካልሆስት» ብለው፣ ሁለት ነጥብ አክለው፣ 60000 ሲሉ ይከፈታል።

በዋይፋይ የሚሠራው ፕሪንተር በድንገት ጠፋ። ድራይቨሩ ተበላሽቶ ይሆን?

ድራይቨር በራሱ ጊዜ አይበላሽም። ብዙ ጊዜ የተቀየረው አድራሻው ነው። ራውተሩ ለፕሪንተሩ አዲስ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ ቁጥር) ሰጥቶት ወረፋው አሁንም አሮጌውን እየፈለገ ነው። «ኤልፒስታት -ቪ» የተመዘገበውን አድራሻ ያሳይዎታል፤ ፕሪንተሩ ራሱ ከሚያትመው የኔትወርክ ገጽ ጋር ያነጻጽሩት። ከተለያዩ ራውተሩ ላይ ለፕሪንተሩ ቋሚ አይፒ ያስይዙ፤ ወይም ወረፋውን በቁጥር ሳይሆን በስም በሚፈልገው አድራሻ ይሥሩት።

ፕሪንተሩ ለፒንግ (በኔትወርክ መኖሩን ለሚጠይቀው ትእዛዝ) እየመለሰ ዝርዝር ውስጥ ካልገባ ኮምፒውተሩ ፕሪንተሮችን በራሱ የሚያስስበት ፍለጋ ተዘግቷል ማለት ነው። ፍለጋው የሚሄደው በዩዲፒ 5353 ነው፤ ፋየርዎሉ ይህን የፍለጋ ፕሮቶኮል፣ «ኤምዲኤንኤስ»ን፣ ይፍቀድለት። ፍለጋውን የሚያካሂደው አቫሂ የሚባለው ሰርቪስም እየሠራ መሆን አለበት። የእንግዳ ዋይፋይና የተከፈተ ቪፒኤንም መሣሪያዎችን እርስ በርስ እንዳይተያዩ ያደርጋሉ። ቸኩለው ከሆነ ፍለጋውን ትተው በቀጥታ አይፒውን ይስጡት፦ አይፒፒ በ631፣ ሶኬት የሚባለው በ9100፣ ኤልፒዲ በ515 ቁጥር ይገኛሉ። በቀጥታው መንገድ ከሠራ ጥፋቱ ፍለጋው ላይ መሆኑ ተረጋገጠ።

«ፊልተር ፌይልድ» ይላል። ይህ ምን ማለት ነው?

ይህ መልእክት ስለ ምክንያቱ ምንም አይናገርም፤ ከፊልተሮቹ አንዱ ወድቋል ከማለት አያልፍም። ትክክለኛውን ምክንያት የሚያወጣው ሎጉ (የካፕስ የሥራ መዝገብ) ነው። «ካፕስሲቲኤል --ዲበግ-ሎጊንግ» ብለው ዝርዝር ምዝገባውን ያብሩ፣ አንድ ገጽ ብቻ ይላኩ፣ ከዚያ «ቫር» ውስጥ «ሎግ»፣ «ሎግ» ውስጥ «ካፕስ» የሚለው ፎልደር ገብተው «ኤረር_ሎግ» የሚለውን ፋይል ይክፈቱ። ፌዶራ ላይ ይህ ሁሉ ወደ ሲስተም ጆርናል ስለሚገባ «ጆርናልሲቲኤል -ዩ ካፕስ» ይበሉ። ሲጨርሱ «ካፕስሲቲኤል --ኖ-ዲበግ-ሎጊንግ» ብለው ያጥፉት፤ ካልጠፋ ፋይሉ በፍጥነት ያብጣል።

የሚፈልጉት የሥራዎን ቁጥር የያዙትን መስመሮች ነው። ከነሱ ውስጥ «ስቶፕድ ዊዝ ስታተስ» ወይም «ክራሽድ ኦን ሲግናል» የሚለው መስመር የወደቀውን ፊልተር ሙሉ መንገዱን ጠርቶ ይነግርዎታል። ሥሩ ያለው ግን ከዚያ ከፍ ብሎ ነው፤ ፊልተሩ ከመውደቁ በፊት የተናገረው የመጨረሻ ቃል ላይ። የሚደጋገሙት እነዚህ ናቸው።

«ኖ ሳች ፋይል ኦር ዳይሬክተሪ»፦ ፋይሉ በእርግጥ ከሌለ የድራይቨሩ ፓኬጅ ጠፍቶ ወረፋው ብቻ ቀርቷል፤ ድራይቨሩን መልሰው ይጫኑ። ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው ፋይሉ ቦታው ላይ ቁጭ ብሎ ሳለ «የለም» ሲባል ነው። ያን ጊዜ «ፋይል» የሚለውን ትእዛዝ ከፊልተሩ መንገድ ጋር ያስኪዱ። «32-ቢት» ካለ ምስጢሩ ተገለጠ፤ የጎደለው ፊልተሩ ሳይሆን እሱን የሚያስነሳው የ32 ቢት ሎደር ነው። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ «ዲፒኬጂ --አድ-አርክቴክቸር አይ386» ብለው ዝርዝሩን አፕዴት ያድርጉ፣ ከዚያ የ«ሊብሲ6»ን የአይ386 ቅጂ ይጫኑ። የብራዘር የራሱ ድራይቨሮች ብዙዎቹ 32 ቢት ስለሆኑ ይህ እነሱ ላይ በብዛት ያጋጥማል።

«ኤግዜክ ፎርማት ኤረር»፦ ድራይቨሩ ለኢንቴልና ለኤኤምዲ የተሠራ ሲሆን ኮምፒውተርዎ ደግሞ ራስፕቤሪ ፓይን የመሰለ የአርም ማሽን ነው። ይህን የሚፈታ የቅንብር ዘዴ የለም። ያለ ድራይቨር ይሞክሩ ወይም ከምንጭ ኮዱ ሊገነባ የሚችል ነጻ ድራይቨር ይፈልጉ።

«ኢንሴክዩር ፐርሚሽንስ»፦ ካፕስ ማንም ሊጽፍበት የሚችል ፊልተር አያስኬድም፤ ትክክልም ነው። የፊልተሩ ባለቤት ሩት (የሲስተሙ አስተዳዳሪ)፣ ፈቃዱ 755 (ባለቤቱ ብቻ የሚጽፍበት) ይሁን። «777 ስጠው» የሚል፣ ማንም እንዲጽፍበት የሚያደርግ ምክር ተከትለው ከሆነ ችግሩን የፈጠረው ያ ምክር ነው።

ሎጉ ስለ ፈቃድ እያማረረ የፋይሉ ፈቃድ ግን ትክክል ከሆነ ፕሮግራሞች የሚነኩትን የሚገድቡትን የደህንነት ክፍሎች፣ አፕአርመርን ወይም ኤስኢሊኑክስን፣ ይመልከቱ። «ዲሜስግ» ላይ «አፕአርመር» እና «ዲናይድ» አብረው ከታዩ የካፕስን ፕሮፋይል በ«ኤኤ-ኮምፕሌይን» ለጊዜው አላልተው ይሞክሩ። ከሠራ የጎደለውን ፈቃድ ለይተው ፕሮፋይሉ ላይ ይጨምሩና በ«ኤኤ-ኢንፎርስ» መልሰው ያጥብቁት፤ ላልቶ እንዲቀር አይተዉት።

ዲስክ መሙላትንም አይርሱ፤ «ዲኤፍ -ኤች» ብለው ይዩ። ፊልተሮች በሥራ ላይ ጊዜያዊ ፋይል ስለሚጽፉ ቦታ ሲያጡ ይወድቃሉ። አንድ የተወሰነ ፒዲኤፍ ብቻ እየወደቀ ሌላው የሚታተም ከሆነ ደግሞ ድራይቨሩን ይተዉት፤ ፋይሉን እንደ ምስል አድርገው ያትሙት ወይም ከሌላ ፕሮግራም እንደገና ፒዲኤፍ አድርገው ያስቀምጡት።

የኤችፒ ፕሪንተሬ ሲስተሙን አፕዴት ካደረግሁ በኋላ ቆመ። ለምን?

የኤችፒ ድራይቨር ኤችፒሊፕ ይባላል፤ አብዛኛው ክፍሉ ነጻ ኮድ ነው። እንደ ሌዘርጄት 1018፣ 1020፣ ፒ1005 እና ፒ1102 ያሉ ሞዴሎች ግን ተጨማሪ የተዘጋ ፕለጊን ይፈልጋሉ። የፕለጊኑ ቨርዥን ከኤችፒሊፕ ቨርዥን ጋር አንድ አኃዝ ሳይዛነፍ መግጠም አለበት። አፕዴቱ ኤችፒሊፕን ያሳድገዋል፣ ፕለጊኑ ግን ከፓኬጅ ሥርዓቱ ውጪ ስለተጫነ አሮጌው ይቀራል። ሎጉ ላይ ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን «ሚስማች» ከሚል ቃል ጋር ይታያሉ።

መፍትሔው «ኤችፒ-ፕለጊን -አይ» ነው፤ አዲሱን አውርዶ ይጭናል። ማውረዱ ካቃተው ተመሳሳይ ቨርዥን ያለውን ፋይል ከኤችፒ ገጽ በእጅ ያውርዱና «ኤችፒ-ፕለጊን -ፒ» ብለው የፎልደሩን መንገድ ይስጡት። የጎደለ ነገር ካለ «ኤችፒ-ቼክ» ይዘረዝርልዎታል።

1018 እና 1020 ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። እነዚህ ፕሪንተሮች ፈርምዌራቸውን (ፕሪንተሩን ራሱን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም) ውስጣቸው አያስቀምጡም፤ በተከፈቱ ቁጥር ከኮምፒውተሩ ይጫንላቸዋል። ማታ ሲሠራ የነበረው ፕሪንተር ጠዋት ሲከፈት ዝም የሚለው ጫኙ ሳይነሳ ሲቀር ነው። ገመዱን ነቅለው መልሰው ሲሰኩ ፕሪንተሩ የመነሳት ድምፅ ካሰማ ፈርምዌሩ ገብቷል። ለእነዚህ ሞዴሎች ኤችፒሊፕንና «ፉ2ዜድጄኤስ» የሚባለውን ሌላ ነጻ ድራይቨር አብረው አይጫኑ፤ ሁለቱም ፈርምዌሩን ለመጫን ይሻማሉ።

ለካኖን፣ ለኤፕሰን፣ ለብራዘርና ለሳምሰንግስ የትኛውን ድራይቨር ልምረጥ?

ኤፕሰን ከሁሉም ቀላሉ ነው። «ኢኤስሲፒአር» የሚባለው ፓኬጅ አብዛኞቹን የቀለም ፕሪንተሮች ይሸፍናል፤ አዳዲሶቹ «ኢኤስሲፒአር2»ን ይፈልጋሉ። የቆዩት ላይ ጉተንፕሪንት የሚባለው ነጻ ድራይቨር ጥሩ ቀለም ይሰጣል።

ብራዘር ሌዘር ካለዎት ከአምራቹ ድራይቨር በፊት «ቢአርሌዘር»ን ይሞክሩ። ነጻ ነው፣ አርም ላይም ይሠራል፣ የ32 ቢት ጣጣ የለበትም። ሞዴልዎ በስም ከሌለ ከቤተሰቡ የሚቀርበውን መርጠው የሙከራ ገጽ ያትሙ፤ ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ሳምሰንግ የፕሪንተር ሥራውን በ2017 ለኤችፒ ስላስተላለፈ ድራይቨሩ የሚገኘው ኤችፒ ጋ ነው። የሳምሰንግን «ኤስፒኤል» ቋንቋ ለሚናገሩት «ስፕሊክስ» የሚባል ነጻ ድራይቨርም አለ።

ካኖን ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ አንድ ድራይቨር ሁሉንም አይሸፍንም። አዳዲሶቹ ፒክስማዎች ያለ ድራይቨር ይሠራሉ። የቢሮ ሌዘሮቹ «ዩኤፍአር 2» የሚባለውን የካኖን ድራይቨር ይጠቀማሉ። ከባዶቹ እንደ ኤልቢፒ2900 ያሉት «ሲኤፒቲ» የሚናገሩ ናቸው። ለእነሱ ከካፕስ በተጨማሪ «ሲሲፒዲ» የሚባል የራሳቸው ሰርቪስ በጀርባ መሥራት አለበት፤ ኮምፒውተሩ ሪስታርት ሲደረግ እሱ ካልተነሳ ወረፋው ጤነኛ መስሎ ምንም አይታተምም። በዚያ ላይ ድራይቨሩ የ32 ቢት ላይብረሪዎችን ይፈልጋል። ለሊኑክስ ኮምፒውተር አዲስ ፕሪንተር ሊገዙ ከሆነ አይፒፒ ኤቭሪዌር ወይም ኤርፕሪንት የሚል ምልክት ያለበትን ይምረጡ፤ የዚህ ገጽ ግማሹ አያስፈልግዎትም።

ፖስትስክሪፕት የሚባለውን የፕሪንተር ቋንቋ የሚረዱ ትልልቅ የቢሮ ማሽኖች ከአምራቹ የሚፈልጉት ብዙ ጊዜ ፒፒዲ ፋይሉን ብቻ ነው፤ ሙሉ ፓኬጁን መጫን አያስፈልግም።

ገጽ በገጽ ትርጉም የሌለው ጽሑፍ ያትማል። እንዴት ላስቁመው?

ፕሪንተሩን ያጥፉት፣ «ካንስል -ኤ» ብለው ወረፋውን ያጽዱ፣ ከዚያ መልሰው ይክፈቱት። ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ፤ ወረፋው ሳይጸዳ ፕሪንተሩ ከተከፈተ ካቆመበት ይቀጥላል።

አሁን የወጣውን ወረቀት ያንብቡት፤ መረጃ አለው። የመጀመሪያው መስመር በፐርሰንትና በቃለ አጋኖ ምልክት ጀምሮ «ፒኤስ-አዶቤ» ካለ ፖስትስክሪፕት ወደማይረዳ ፕሪንተር ፖስትስክሪፕት ተልኳል። «ፒሲኤል ኤክስኤል ኤረር» ካለ የፒሲኤል 6 (ይህም የፕሪንተር ቋንቋ ነው) ድራይቨር ፕሪንተሩ ከሚችለው ጋር አልተስማማም፤ በፒሲኤል 5 ይተኩት። ገጾቹ ላይ ጥቂት የተበታተኑ ምልክቶች ብቻ ካሉ ድራይቨሩ ለሌላ ሞዴል የተሠራ ነው፤ ወይም ወረፋው «ሮው» ተብሎ ስለተፈጠረ ፋይሉ ሳይቀየር በቀጥታ እየሄደ ነው። «ኤልፒኢንፎ -ኤም» ከሚዘረዝራቸው ድራይቨሮች ውስጥ የሞዴልዎን ትክክለኛ ስም ይፈልጉ፤ በስሙ መጨረሻ ያለች አንዲት ፊደል የፕሪንተሩን ቋንቋ ልትለውጠው ትችላለች።

ወረፋው «ፖዝድ» ይላል፤ ስከፍተውም ተመልሶ ይዘጋል።

«ካፕስኢኔብል» ከፕሪንተሩ ስም ጋር ይከፍተዋል፤ አዲስ ሥራ አልቀበል ካለ ደግሞ «ካፕስአክሴፕት»። የሚዘጋው ግን የስህተት ፖሊሲው «ስቶፕ-ፕሪንተር» ስለሆነ ነው፤ አንድ ሥራ ሲወድቅ ወረፋውን ሙሉ ያቆመዋል። የወደቀውን ሥራ ሳያጠፉ ወረፋውን መክፈት ዋጋ የለውም። ዋይፋዩ የሚቆራረጥ ከሆነ ፖሊሲውን ወደ «ሪትራይ-ጆብ» ይቀይሩት፤ የማይነበብ ፋይል ከሆነ «አቦርት-ጆብ» ይሻላል።

አንዱ ፕሪንተር ሁለት ጊዜ ይታያል። የትኛውን ላጥፋ?

አንዱን እርስዎ ፈጥረውታል፣ ሌላውን «ካፕስ-ብራውዝድ» የሚባለው ሰርቪስ ወይም ካፕስ ራሱ ከኔትወርኩ አግኝቶ አምጥቶታል። በራሱ የመጣውን ቢያጠፉት ይመለሳል። የማይፈልጉት ከሆነ ካፕስ-ብራውዝድን ያጥፉት። ለማጥፋት ሌላ ጠንካራ ምክንያትም አለ፦ በመስከረም 2024 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በዚህ ሰርቪስና ተያያዥ ክፍሎቹ ላይ ከባድ የደህንነት ክፍተቶች ይፋ ሆነዋል። ሰርቪሱ በዩዲፒ 631 ከማንም መልእክት ይቀበል ስለነበር የሐሰት ፕሪንተር ማስመዝገብ ይቻል ነበር። ማስተካከያው ወጥቷል፤ ሲስተምዎን አፕዴት ያድርጉ፣ ካላስፈለገዎት ግን ሰርቪሱን ጨርሶ አያስኪዱት።

ፕሪንተሩ ወረቀት እያለው «ወረቀት አስገባ» እያለ ብልጭ ድርግም ይላል።

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ወረፋው ሌተር የሚባለውን የወረቀት መጠን፣ ትሪው ደግሞ ኤ4 መያዙ ነው። ሌተር 216 በ279 ሚሊሜትር፣ ኤ4 ደግሞ 210 በ297 ነው፤ ለዓይን ቢመሳሰሉም ፕሪንተሩ ይለያቸዋል። «ኤልፒኦፕሽንስ -ፒ ስም -ኤል» አማራጮቹን ሲዘረዝር ኮከብ ያለበት ነባሪው ነው። «ኤልፒአድሚን -ፒ ስም -ኦ ፔጅሳይዝ=ኤ4» ብለው ይቀይሩት፤ «ፔጅሳይዝ» ሲጻፍ ፒና ኤስ፣ «ኤ4» ላይም ኤ፣ ትልልቅ ፊደላት ናቸው። ቀይረውም ካልተለወጠ በቤት ፎልደርዎ ውስጥ ያለው የተደበቀ «ካፕስ» ፎልደር ውስጥ «ኤልፒኦፕሽንስ» የሚባል ፋይል አለ፤ የድሮ ምርጫዎ እዚያ ተቀምጦ አዲሱን እየሻረው ነው።

የካፕስ ገጽ ላይ የይለፍ ቃል ይጠይቀኛል፤ ብሰጠውም አይቀበልም።

ብራውዘር ላይ «ሎካልሆስት» ብለው፣ ሁለት ነጥብ አክለው፣ 631 ሲሉ የሚከፈተው የካፕስ መቆጣጠሪያ ገጽ ላይ የሚገቡት በኮምፒውተርዎ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ነው፤ የፕሪንተሩ አይደለም። ተጠቃሚዎ ዴቢያን፣ ኡቡንቱና ሚንት ላይ «ኤልፒአድሚን» የሚባለው ቡድን ውስጥ፣ ፌዶራ ላይ «ዊል» ውስጥ መሆን አለበት። ጨምረው ወጥተው ይግቡ።

ዊንዶውስ ላይ የተጋራ ፕሪንተር «ሄልድ ፎር ኦተንቲኬሽን» ይላል።

ዊንዶውሱ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይፈልጋል። «ኤስኤምቢክላየንት» ፓኬጅ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ከዚያ ከወረፋው መስኮት ሥራውን መርጠው ማረጋገጫውን ይስጡ። ፕሪንተሩ የራሱ ኔትወርክ ካለው ግን ዊንዶውሱን መሃል ማስገባት ትርፉ ድካም ነው፤ በቀጥታ ያገናኙት።

«የፕሪንተር ድራይቨሮች ወደፊት መሥራት ያቆማሉ» የሚል ማስጠንቀቂያ አየሁ። መጨነቅ አለብኝ?

ለዛሬ አይጨነቁ። ማስጠንቀቂያው የሚመለከተው ካፕስ 3ን ነው፤ በእሱ ላይ የፒፒዲ ፋይሎች ድጋፍ ይወጣል። በ2021 መጨረሻ የወጣው የካፕስ 2.4 ተከታታይ አሁንም ፒፒዲን ይቀበላል። የቆዩ ፕሪንተሮችም አይጣሉም፤ ኦፕንፕሪንቲንግ የተባለው ቡድን ፕሪንተር አፕሊኬሽን የሚባሉ ፕሮግራሞችን አዘጋጅቷል። እነሱ የድሮውን ድራይቨር ውስጣቸው ይዘው ፕሪንተሩን ለካፕስ እንደ ዘመናዊ ፕሪንተር ያቀርቡታል። ኤችፒሊፕ፣ ጉተንፕሪንትና ፖስትስክሪፕት የየራሳቸው አላቸው።

የአማርኛ ጽሑፍ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታተማል። የድራይቨር ችግር ነው?

አይደለም፤ የፎንት ነው። ጽሑፉን ፒዲኤፍ አድርገው «ፒዲኤፍፎንትስ» በሚለው ትእዛዝ ይመርምሩት። «ኢኤምቢ» በሚለው ዓምድ ሥር «ኖ» ካለ ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ አልገባም። ኖቶ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል ይጫኑና ፒዲኤፉን ከሊብሬኦፊስ እንደገና ያውጡ። ተራ የጽሑፍ ፋይልን በቀጥታ ወደ ፕሪንተር መላክ ይተዉ፤ የሚቀይረው ፊልተር በራሱ ምርጫ የሚጠቀመው ፎንት ፊደላችንን ላይዝ ይችላል።

ብዙ ነገር ሞክሬ ሁሉም ተዘበራርቋል። ከዜሮ እንዴት ልጀምር?

«ካንስል -ኤ» ይበሉ። ለዚህ ፕሪንተር የፈጠሯቸውን ወረፋዎች በሙሉ «ኤልፒአድሚን -ኤክስ ስም» እያሉ ያጥፉ። ከአምራቹ ገጽ የጫኗቸውን ፓኬጆች ያውጡ፤ ኡቡንቱ ላይ «ፐርጅ» ይጠቀሙ፣ የቅንብር ፋይሎቹም እንዲወጡ። በቤት ፎልደርዎ ያለውን «ኤልፒኦፕሽንስ» ፋይል ያጥፉ። ካፕስን «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት ካፕስ» ብለው ያስነሱ፣ ፕሪንተሩንም አጥፍተው ይክፈቱ። ከዚያ ያለ ድራይቨር አንድ ወረፋ ብቻ ይፍጠሩና የሙከራ ገጽ ይላኩ።

ይህም ካልሠራ ሰው ሲጠይቁ እነዚህን ይዘው ይቅረቡ፦ የፕሪንተሩ ሙሉ የሞዴል ስም እስከ መጨረሻዋ ፊደል፣ የዲስትሪቢውሽንዎና የካፕስ ቨርዥን፣ ፕሪንተሩ የተገናኘበት መንገድ፣ «ኤልፒስታት -ቲ» እና «ኤልፒኢንፎ -ቪ» ያወጡት፣ ከኤረር ሎጉ የአንድ ያልተሳካ ሥራ መስመሮች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ሎጉን ሲለጥፉ የተጠቃሚ ስምዎንና የሰነዱን ርዕስ ያውጡ፤ ሁለቱም እዚያ ይመዘገባሉ።